የውሃው ታክስና የማጣሪያው ታክስ

ውሃ ላይ ታክስ ይጣል ወይስ አይጣል የሚለው ክርክር የቆየ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285 ውሃን ከኤሌክትሪክና ከነጭ ጋዝ ጋር ከታክስ ነፃ አድርጎት ነበር። የ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1341 ግን ለነፃነቱ ገደብ አበጀለት፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚጠቀም ቤተሰብ 15 በመቶ ይከፍላል። በሁለቱም ጊዜ ወሬው ስለ ቆጣሪ ነበር። ቆጣሪ የሌለውን ያነሳው የለም።

በይምርሐነ ክርስቶስ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው የላስታ ገጠር በአብዛኛው ከምንጭ፣ ከወንዝና ከእጅ ፓምፕ ይቀዳል። አንዲት እናት በጀሪካን አዝላ ለምታመጣው ውሃ ታክስ አትከፍልም። ታክሱ የሚያገኛት ውሃውን ላጣራ ብላ ስትነሳ ነው። የ1994ቱ አዋጅ ነፃ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ የቤት ውሃ ማጣሪያ አልነበረም። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚሰላው የጉምሩክ ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው። የነጋዴው ትርፍና እስከ ላሊበላ ያለው የጭነት ኪራይ የሚታከለው ከዚያ ወዲያ ነው።

ማፍላት አይበቃም ወይ? ይበቃል፤ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ያህል መንተክተክ አለበት። ያ ሁሉ ማገዶ ነው። ላስታ ውስጥ ደግሞ እንጨት ብርቅ ነው፤ በዋሻው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው የጽድ ደን የተረፈው ስለተጠበቀ ነው። «ውሃ አጋር» የሚባለው የክሎሪን ማከሚያም ርካሽ ቢሆን በክረምት ድፍርስ ውሃ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ታዲያ ማጣሪያው እንዲረክስ ምን ይደረግ? በሌሎች አገሮች ለቤት ዕቃ የሚሰጥ ማበረታቻ ብዙ ጊዜ ከዓመታዊ የገቢ ግብር ላይ ይቀነሳል። እኛ ዘንድ ይህ መንገድ ዝግ ነው። የደመወዝተኛውን ግብር አሠሪው በየወሩ ይቆርጣል፤ ለቤት ወጪ ተቀናሽ የለም። የላስታ ገበሬ የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር ነው። ስለዚህ እፎይታው መምጣት ያለበት በዕቃው ዋጋ በኩል ነው። መንግሥት ይህን ያውቅበታል፤ ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን አንስቶ ነበር። ለመኪና የተቻለው ለመጠጥ ውሃ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

አፈጻጸሙ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ማጣሪያው «ከታክስ ነፃ» ቢባል አገር ውስጥ የሚያመርተው ሰው ለጥሬ ዕቃ የከፈለውን ታክስ ማስመለስ አይችልም፤ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። «ዜሮ ምጣኔ» ቢባል ግን ይመለስለታል። እፎይታው ለመለወጫ ክፍሎችም ካልደረሰ ማጣሪያው ሲደፈን ቤተሰቡ ወደ ምንጩ ውሃ እንዳለ ይመለሳል።