ሽልማት ከጥቆማ ይጀምራል

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ለዘመናት በሳሙናነት ሲያገለግል የኖረው ፍሬ ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይል እንዳለው በጥናት ተረጋገጠ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው “አማራጭ ኖቤል” እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከምልከታው እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት አልፏል።

ለእንዲህ ዓይነቱ መዘግየት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የምርምር ውጤት ተፈትሾ ጥቅሙ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ብዙም አይወሳም። ታላላቆቹ ዓለም አቀፍ ሽልማቶች ተሸላሚውን ፈልገው የሚያገኙት ሌላ ሰው ወይም ተቋም በጽሑፍ ሲጠቁማቸው ነው። ራስን መጠቆም በኖቤልም ሆነ በራይት ላይቭሊሁድ አይፈቀድም። ስለ ራስ ሥራ መናገር እንደ ነውር በሚቆጠርባት ኢትዮጵያ ይህ ደንብ ለምሁራኑ የሚከብድ አይደለም። የሚከብደው ሌላውም ሰው ዝም ሲል ነው።

የመጠቆም መብት ከሽልማት ሽልማት ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ የሚሰጠው የኖቤል ሽልማት በሩ ጠባብ ነው። በሳይንስ ዘርፎች የሚጠቁሙት የቀድሞ ተሸላሚዎች፣ የሸላሚዎቹ ተቋማት አባላት፣ የተወሰኑ ፕሮፌሰሮችና በየዓመቱ ተመርጠው ጥሪ የሚደርሳቸው ምሁራን ናቸው። በሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ደግሞ ከሥነ ጽሑፍና ከቋንቋ ፕሮፌሰሮች ሌላ፣ የአገራቸውን የድርሰት ሥራ የሚወክሉ የደራስያን ማኅበራት ፕሬዚዳንቶችም ይህ መብት ተሰጥቷቸዋል። ይሁንና በአማርኛ ለሚጽፍ ደራሲ ጥቆማው ብቻውን አይበቃም። ውሳኔውን የሚሰጡት የስዊድን አካዳሚ አባላት ሥራውን ሊያነቡ የሚችሉት በሚያውቁት ቋንቋ ተተርጉሞ ሲያገኙት ነው።

የዓለም የምግብ ሽልማት ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጭምር ክፍት ነው። በኖርማን ቦርሎግ ሐሳብ አመንጪነት እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው ይህ ሽልማት ከትምህርትና ከምርምር ተቋማት፣ ከግልና ከሕዝባዊ ድርጅቶች እንዲሁም ከመንግሥት አካላት ጥቆማ ይቀበላል። በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ የተወለዱትና በዓለማያ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የተሸለሙት በዚሁ መንገድ ነው። ፕሮፌሰሩ ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አፍርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ብቻ ስምንት ቶን የሚሆን አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር ለአፍሪካ አገሮች ተሰራጭቷል።

የዘሩ መጠን፣ ዘሩ የተሰራጨበት ዓመትና የተቀበሉት አገሮች በሰነድ መያዛቸው ቀላል ነገር አይደለም። ዳኞች በአካል ያልጎበኙትን ማሳ የሚያዩት በእነዚህ ሰነዶች ነው። ስለሆነም “ታታሪና አገር ወዳድ ተመራማሪ” የሚል የምስጋና ደብዳቤ፣ ምንም ያህል ከልብ ቢጻፍ፣ ዝርያው መቼ እንደተለቀቀና ስንት ገበሬ እንደዘራው የሚገልጽን አንድ ገጽ አይተካም። እንዲህ ያለው መረጃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በተመራማሪው እጅ ሳይሆን በመዝገብ ቤት፣ በዘር አባዥ ድርጅትና በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው።

ኢትዮጵያ የራሷ ሽልማት የነበራት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያ ተሸላሚዎቹን ያከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከበደ ሚካኤልን፣ በሥነ ጥበብ ደግሞ አፈወርቅ ተክሌን ሸልሟል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966 የሥነ ጽሑፍ ሽልማቱን ሲቀበሉ ገና 29 ዓመታቸው ነበር። ሽልማቱ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ተቋረጠ። ወጣት ደራሲን በሥራው መጀመሪያ ላይ ማክበር የሚችለው ቋንቋውን የሚያነብ የአገር ውስጥ ዳኛ መሆኑን የጸጋዬ ጉዳይ ያሳያል።

ጊዜ የማይታገሰው ሌላም ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኖቤል ደንብ መሠረት፣ ተሸላሚው ከተሰየመ በኋላ ካልሆነ በስተቀር፣ ሽልማቱ ለሞተ ሰው አይሰጥም። የጥቆማው መቀበያ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን አካባቢ፣ በአውሮፓውያን ጃንዋሪ 31፣ ይዘጋል። ማን ማንን እንደጠቆመ የሚገልጸው መዝገብም ለ50 ዓመት በምስጢር ይያዛል።