ለሕዝብ የሚሰጥ የሳይንስ ትምህርት ፍሬው በምን ይመዘናል

ማናቸውም ትምህርት ሦስት ነገሮችን ይሻል፤ እነርሱም አስተማሪ፥ ተማሪና ፈተና ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ኾነ የተደከመው ድካም ፍሬ ማፍራቱና አለማፍራቱ አይታወቅም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የኔታ የተማሪውን ዕውቀት የሚመዝኑት ተማሪው ዝም ብሎ መስማቱን አይተው ሳይኾን፥ የተቀበለውን ቀለም መልሶ ሲያሰማቸው ነው። በአደባባይ፥ በራዲዮና በትርኢት ለሕዝብ የሚሰጠው የሳይንስ ትምህርት ግን አስተማሪም ሰሚም እያገኘ፥ ሦስተኛው ነገር፥ ማለት ፈተናው፥ ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራል።

ይህ ጕዳይ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች፥ ይልቁንም ለሱሉልታ፥ ለቡራዩና ለሰበታ ቅርብ ነው። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ሲኾኑ፥ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከሱሉልታ በላይ በእንጦጦ ተራራ፥ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያኽል ከፍ ባለው ስፍራ፥ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ኹለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የሥነ ፈለክ መመልከቻ አለ። ለዚህ ሥራ የተጋው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሥርቶ ስለ ሰማይ አካላት ለተማሪዎችና ለሕዝብ ሲያስተምር ቈይቷል። የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና በተላከች ጊዜም መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ በዚሁ በእንጦጦ ነበር።

በዚያው ዓመት ለሕዝብ ትምህርት ኹለት መልካም ዕድሎች ተገኝተው ነበር። ፊተኛው፥ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር አገሮች ኹሉ አንድ ኮከብና በዙሪያዋ የምትዞር አንዲት ፕላኔት እንዲሰይሙ ባደረገ ጊዜ፥ ኢትዮጵያ ኮከቢቱን «ቡና»፥ ፕላኔቲቱን «አቦል» ብላ መሰየምዋ ነው። ጎረቤቱን ለቡና ጠርቶ የሚያውቅ ሕዝብ ለዚህ ስም ማብራሪያ አያሻውም። ነገር ግን ስሙን ማወቅ ሌላ፥ ነገሩን ማወቅ ሌላ ነው። አቦል በዐይን ያልታየች፥ ኮከብዋን ወዲያና ወዲህ በመሳብዋ መኖርዋ የታወቀ ፕላኔት ናት። ስለዚህ ትምህርቱ መድረሱን ሊያውቅ የሚወድ ሰው «የፕላኔቲቱ ስም ማን ይባላል» ብሎ ሳይኾን «ማንም ሳያያት መኖርዋ እንዴት ታወቀ» ብሎ ይጠይቅ።

ኹለተኛው፥ እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የኾነው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት ስትታይ፥ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ አብዛኛው ገጽዋ ተሸፍኖ ነበር። ግርዶሽን ያለ መከላከያ መነጽር መመልከት ዐይንን ይጎዳል፤ ብርሃን የሚቀበለው የዐይን የውስጥ ክፍል ሕመም ስለማይሰማውም ሰውየው መጎዳቱን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ወራት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሕዝብ መሰብሰብ ተከልክሎ ስለ ነበር፥ የተሰብሳቢው ቍጥር ለመለኪያ ሊያገለግል አይችልም ነበር። ይህም እውነተኛው መለኪያ ሌላ መኾኑን ገልጦ ያሳያል፤ ይኸውም በግርዶሹ ቀን ማን በምን እንደ ተመለከተ መጠየቅ፥ በሚቀጥሉትም ሳምንታት ዐይናቸው ደክሞ ወደ ጤና ጣቢያ የመጡትን መመዝገብ ነው።

እንዲህ ያለው ምርመራ ጥበቡ የረቀቀ አይደለም። ከትምህርቱ በፊት ሰዎቹ የሚያውቁትን መጠየቅ፥ ከትምህርቱ በኋላ ያንኑ ጥያቄ መድገም፥ ከጥቂት ወራትም በኋላ ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ነው፤ ዛሬ የተመለሰ መልስ ነገ ሊረሳ ይችላልና። ደግሞም ትምህርቱ ያልደረሰውን የሌላ ሰፈር ሰው አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ከሌላ ስፍራ የተገኘው ዕውቀት ለዚያ ትምህርት ተቈጥሮ ምስጋናው ያለ ባለቤቱ ይሰጣል። ከኹሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ከይሉኝታ ነው። እንግዳ አክባሪ ሕዝብ ደክሞ ያስተማረውን ሰው «አልገባኝም» ብሎ ማሳፈር አይወድም፤ መዝገብ የያዘ ሹም ሲጠይቀውማ ደስ የሚያሰኘውን መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ጠያቂው አስተማሪው ራሱ ባይኾን፥ ጥያቄውም በተጠያቂው ቋንቋ ቢኾን ይሻላል። በሦስቱ ከተሞች ኦሮምኛ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፥ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የተደረገ ምርመራ የሕዝቡን ከፊል ሳይሰማ ይቀራል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ነገር ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻትም። በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን ለማጥፋት የተጀመረው ዘመቻ የሥራውን መቃናት የመዘነው በተከተቡት ሰዎች ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኞቹ መንደር ለመንደር እየዞሩ በሽተኛውን ይፈልጉ፥ በተገኘበትም ስፍራ ዙሪያውን ይከትቡ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የመጨረሻው በሽተኛ ከተገኘ በኋላም ፍለጋው ቀጥሎ ሌላ ሳይገኝ በመቅረቱ ድሉ ተረጋገጠ። እንዲሁም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አንድን ቤተሰብ «ሞዴል» ብሎ እንዲያስመርቅ የታሰበው ትምህርቱን ስለ ሰማ ሳይኾን፥ መጸዳጃ ቤት ቈፍሮ፥ ልጆቹን አስከትቦ፥ የተማረውን በቤቱ ሲፈጽም ነው። ይህም ቢኾን ከሥራው ይልቅ የምስክር ወረቀቱ ብዛት የተፈለገ እንደ ኾነ ይበላሻል።

በዚህ ሚዛን ሦስቱን ከተሞች መመልከት ይቻላል። በሰበታ ብሔራዊ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ይገኛል፤ ስለ ዓሣ እርባታ የተሰጠ ትምህርት የሚመዘነው በሠልጣኞች ስም ዝርዝር ሳይኾን፥ ከዓመት በኋላ ኵሬው ዓሣ ይዞ በመገኘቱ ነው። በቡራዩ አጠገብ ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ አለ፤ ስለ ውሃ ንጽሕና የተሰጠ ትምህርትም የሚፈተነው በአዳራሽ ጭብጨባ ሳይኾን በጓዳ ነው፤ የውሃው ዕቃ ተከድኖ፥ መቅጃው ነጽቶ ሲገኝ ትምህርቱ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ሱሉልታ ደግሞ የእንጦጦው መመልከቻ ጎረቤት ነው። ቴሌስኮፕ ጨለማን ይፈልጋል፤ ወደ ላይ የሚበተን የከተማ መብራት የከዋክብትን ብርሃን ይሸፍናል። ስለዚህ በሱሉልታ አንድ የመንገድ መብራት ወደ መሬት ብቻ እንዲያበራ ተከልሎ ቢተከል፥ ከብዙ ጎብኚዎች ፊርማ ይልቅ ይመሰክራል።

ከዚህ ጋራ ሊዘነጋ የማይገባው፥ በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት መኖሩ ነው። በዚያ ላለ ዐይነ ስውር ተማሪ ቴሌስኮፕ ምንም አይነግረውም፤ በእጅ የሚዳሰስ የጨረቃ ምስልና በቃል የሚሰጥ ማብራሪያ ግን ይነግሩታል። የመጡትን ብቻ የሚቈጥር መዝገብ ያልመጡትንም፥ መጥተው ያልደረሳቸውንም አያሳይም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ በኢትዮጵያ በከፊል የሚታይ መኾኑን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አስልተው አስታውቀዋል። ወራቱ ክረምት ስለ ኾነ ደመና ሊከለክለው ይችላል፤ ደመናው የተገለጠ እንደ ኾነ ግን የሕፃናት ዐይን ወደ ሰማይ ማቅናቱ አይቀርም። ባሕረ ሐሳብን የተማሩ ካህናት ሌሊተ ጨረቃን ስለሚቈጥሩ፥ ፀሐይ በጨረቃ የምትጋረደው ጨረቃ ፈጽማ በማትታይበት ዕለት እንጂ በሌላ ቀን አለመኾኑን ለምእመናን ለማስረዳት ከማንም ይልቅ የተመቹ ናቸው። የየከተማው ሹማምንትም ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ሕዝቡን ቢያስጠይቁ፥ የትምህርቱን ፍሬ በግምት ሳይኾን በማስረጃ ያውቁታል። በሪፖርቱም ላይ «ይህን ያኽል ሰው ተገኘ» ከሚለው ቀጥሎ፥ «ይህን ያኽሉ ከወራት በኋላ አስታወሰ፥ ይህን ያኽሉ በቤቱ ፈጸመ፥ ይህን ያኽሉ ግን አልገባውም» የሚል ቃል ይጻፍ። ይህን የመጨረሻውን ቃል የሚጽፍ ሹም ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ዘሪ በጭንጫ ላይ የወደቀውን ዘር ካላወቀ በሚመጣውም ዓመት እዚያው ላይ ይዘራልና።