ራዶን በልጅዎ መማሪያ ክፍል

ልጅዎ አሜሪካ የሚማር ከሆነ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ «የራዶን ምርመራ እናደርጋለን» የሚል ደብዳቤ ሊመጣልዎ ይችላል። ደብዳቤው አያስደንግጥዎ፤ ሳያነቡ ግን አይጣሉት።

ራዶን ምንድን ነው? በአፈርና በዓለት ውስጥ ያለው ዩራኒየም ቀስ በቀስ ሲፈራርስ የሚወጣ ጨረር ያለው ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል። በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ዙሪያ ሾልኮ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ይጠራቀማል። ለዓመታት ሲተነፍሱት የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ 21,000 ያህል ሰው በዚህ ምክንያት እንደሚሞት ይገምታል።

«ማናፈሻ እያለ እንዴት ይጠራቀማል?» ዋናው ጉዳይ ይኼ ነው። ማናፈሻው ከሚያስገባው የሚያስወጣው አየር ከበለጠ፣ ክፍሉ የጎደለውን ከየቀዳዳው ይስባል፤ ከወለሉ ሥር ያለውን ጋዝም ጭምር። በብዙ ክፍሎች ንጹሕ አየር የሚገባው በመስኮት ሥር ባለው የብረት ሣጥን ነው። በሣጥኑ ላይ መጻሕፍትና ቦርሳ ሲከመርበት አየሩ ይታፈናል። ወጪ ለመቆጠብ ማሽኑ ሌሊትና ቅዳሜና እሑድ ሲጠፋም ጋዙ ይጨምራል። ስለዚህ ልኬቱ ልጆች በሚማሩባቸው ቀናት፣ ማሽኑ እንደወትሮው እየሠራ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ ቢደረግ ይመረጣል።

አለካኩ ቀላል ነው። ከሰል የያዘች ትንሽ ዕቃ መሬት በሚነካው ክፍል ሁሉ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ትቀመጥና ወደ ላቦራቶሪ ትላካለች። ውጤቱ በሊትር 4 ፒኮኪዩሪ (የጨረር መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይስተካከል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከተቻለ ከ2.7 በታች እንዲሆን ይመክራል፤ እኔም ለልጆች ሲሆን ይኼንን እመርጣለሁ።

ወጪውስ? አንዳንዴ የአየር መግቢያውን ከፈት ማድረግ ይበቃል። ይሁን እንጂ በክረምት የሚገባው ቀዝቃዛ አየር መሞቅ ስላለበት የማሞቂያው ሒሳብ ይጨምራል። ያ ካልበቃ፣ ወለሉ ተበስቶ ቧንቧ ይገባና ጋዙ በፋን ከጣሪያ በላይ ይወጣል። ይኼ ለአንድ መኖሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ይፈጃል። ትምህርት ቤት ሰፊ ስለሆነ ብዙ ቧንቧ ሊፈልግ ይችላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ርእሰ መምህሩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የትኞቹ ክፍሎች ተለኩ? ቁጥሩ ስንት ወጣ? ከጥገናው በኋላ እንደገና ተለካ ወይ? ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ ራዶን ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። እዚያ ካሉና ልጅዎ ቤዝመንት ውስጥ የሚተኛ ከሆነ፣ የቤትዎንም ያስለኩ።