ከክፍል መዝገብ እስከ ድምር ሠሌዳ፤ የትምህርት መረጃን አጠቃሎ የሚያሳይ ሶፍትዌር አወቃቀር

መግቢያ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ጎብዬ ታልፎ ቆቦ ከመደረሱ በፊት፣ የሮቢት ከተማ ትገኛለች። በዚህ የራያ ቆላ በሚገኝ ትምህርት ቤት አንድ መምህር በመስከረም ወር የአንዲት ተማሪን ስም ሲመዘግብ፣ ያ ስም ረጅም ጉዞ ይጀምራል። በመጀመሪያ በርእሰ መምህሩ ቅጽ ላይ ከሌሎች ጋር ተደምሮ ቁጥር ይሆናል። ቁጥሩም ወደ ራያ ቆቦ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ወሎ ዞን ትምህርት መምሪያ፣ ቀጥሎም ወደ አማራ ክልል ትምህርት ቢሮ፣ በመጨረሻም ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ይደርሳል። በየደረጃው ድምሩ እያደገ፣ ተማሪዋም ከዓይን እየራቀች ትሄዳለች።

ይህ ጉዞ ለብዙ ዘመን በወረቀት ሲካሄድ ቆይቷል። ዛሬ ግን የጉዞው የላይኛው ክፍል በኮምፒዩተር ይከናወናል፤ መድረሻውም በተለምዶ «ዳሽቦርድ» የሚባለው የመረጃ ሠሌዳ ነው። የመረጃ ሠሌዳ ማለት ከብዙ ቦታ የተሰበሰበን መረጃ ደምሮና አመዛዝኖ በአንድ ገጽ ላይ በቁጥር፣ በሠንጠረዥና በሥዕላዊ መግለጫ የሚያሳይ የሶፍትዌር ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው የጤናው ዘርፍ ነው። የጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ሥርዓት፣ መነሻው ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ነው። በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት አድጎም በብዙ ታዳጊ አገሮች ያገለግላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለ ሠሌዳ ከበስተጀርባው እንዴት መዋቀር እንዳለበት ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች ማብራራት ነው። ጽሑፉ የሚነሣበትም መሠረታዊ ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ከድምሩ ወደ ምንጩ መመለስ የማይቻልበት ሠሌዳ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለዕቅድ መሠረት ሊሆን አይችልም የሚል ነው።

1. የሠሌዳው ሦስት ክፍሎች

በሚገባ የተነደፈ የመረጃ ሠሌዳ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ከየትምህርት ቤቱ የመጣው መረጃ እንደ መጣ የሚቀመጥበት የመረጃ ቋት ነው። ሁለተኛው ከዚህ ቋት እየተሰላ የሚዘጋጀው የድምር ሠንጠረዥ ነው። ሦስተኛው ተመልካቹ በዓይኑ የሚያየው ገጽ ነው።

ይህ አሠራር ለመምህራን እንግዳ አይደለም። መምህሩ የፈተናን ውጤት በመጀመሪያ በማርክ ሊስት ይመዘግባል፤ ከማርክ ሊስቱ ሮስተር ይሠራል፤ ከሮስተሩ ደግሞ ወላጅ የሚያየውን ካርድ ይሞላል። አንድ ወላጅ «የልጄ ውጤት ተሳስቷል» ብሎ ቢመጣ፣ ጠንቃቃ መምህር ካርዱን ፍቆ ሌላ ቁጥር አይጽፍም። ወደ ሮስተሩ፣ ከዚያም ወደ ማርክ ሊስቱ ተመልሶ ስሕተቱ የተፈጠረበትን ቦታ ይፈልጋል፤ እዚያ አርሞም ወደ ካርዱ ይወርዳል። የሶፍትዌሩም ሕግ ይኸው ነው። እርማት የሚደረገው በምንጩ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ድምሩና ገጹ ከምንጩ እንደገና ይሰላሉ እንጂ በእጅ አይነኩም።

ሁለተኛው ክፍል ለብቻው እንዲቆም የሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፍጥነት ነው። አንድ ኃላፊ ገጹን በከፈተ ቁጥር ኮምፒዩተሩ የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ከሥር ጀምሮ ቢደምር ጊዜ ይባክናል። ስለሆነም ድምሩ በየሌሊቱ ወይም አዲስ መረጃ በገባ ጊዜ አስቀድሞ ተሰልቶ ይቀመጣል። ሁለተኛውና ዋነኛው ምክንያት ወጥነት ነው። የዞኑ ገጽና የክልሉ ገጽ ከአንድ የድምር ሠንጠረዥ ከቀዱ፣ ስለ አንድ ወረዳ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሊናገሩ አይችሉም።

2. የትምህርት ቤት መለያ

ድምር የሚጀምረው የሚደመረው ነገር ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ሮቢት የሚለው ስም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። በራያ ቆቦ ሮቢት አለች፤ በሰሜን ሸዋ ሸዋ ሮቢት አለች፤ በባሕር ዳር አቅራቢያም ሮቢት የሚባል ቦታ አለ። ሦስቱም በአንድ ክልል ውስጥ ናቸው። ሶፍትዌሩ ትምህርት ቤቶችን በስም ብቻ የሚለይ ከሆነ፣ የአንዱ ተማሪዎች በሌላው ላይ መደመራቸው አይቀርም። በዚህ ላይ አንዱ ጸሐፊ «ሮቢት»፣ ሌላው «ሮብት» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ ሁለት ቦታ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በመሆኑም እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ተሰጥቶት የማይለወጥ የመለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

ይህ ቁጥር የወረዳውን ወይም የዞኑን ስም በውስጡ መያዝ የለበትም፤ አስተዳደራዊ ወሰን ይለዋወጣልና። ሮቢት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመን በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ ዛሬ በአማራ ክልል በሰሜን ወሎ ዞን ውስጥ ናት። የቆቦ ከተማ አስተዳደርም ከራያ ቆቦ ወረዳ ተለይቶ የሚቆጠር ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በየትኛው ወረዳ ሥር ከመቼ እስከ መቼ እንደ ነበረ በሌላ ሠንጠረዥ ከነቀኑ መመዝገብ ይኖርበታል። ይህ ካልሆነ ወሰን በተለወጠ ዓመት አንድ ወረዳ በድንገት ተማሪዎቹ የጠፉበት፣ ጎረቤቱ ደግሞ የጎረፉለት መስሎ ይታያል።

3. መረጃን ሳይጨፈልቁ ማስቀመጥ

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ጉዳይ መረጃ በምን ያህል ዝርዝር መቀመጥ እንዳለበት ነው። የኢትዮጵያ የትምህርት እርከን በንጉሡና በደርግ ዘመን 6-2-4 ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወደ 8-2-2 ለወጠው፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ ወደ 6-2-4 መለሰው። የመረጃ ቋቱ «የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች» የሚል አንድ ድምር ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያካትተው አሮጌው ቁጥር ከ1ኛ እስከ 6ኛ ከሚያካትተው አዲሱ ጋር ሊነጻጸር አይችልም ነበር። ተማሪዎች በየክፍላቸው፣ በየጾታቸውና በየዕድሜያቸው ተለይተው ከተቀመጡ ግን የትኛውም ትርጉም ቢመጣ ድምሩን መልሶ ማስላት ይቻላል። የተዘረዘረን መረጃ መደመር ምንጊዜም ይቻላል፤ የተደመረን መልሶ መዘርዘር ግን አይቻልም።

4. የምጣኔዎች አሰላል

በመቶኛ የሚገለጹ ምጣኔዎች የራሳቸው አደጋ አላቸው። ለምሳሌ ያህል አንድ ትምህርት ቤት 100 ተማሪዎች ኖረውት 20ዎቹ ቢያቋርጡ የማቋረጥ ምጣኔው 20 በመቶ ነው እንበል። ሌላው 900 ተማሪዎች ኖረውት 45ቱ ቢያቋርጡ ምጣኔው 5 በመቶ ይሆናል። ሁለቱን መቶኛዎች ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሶፍትዌር 12.5 በመቶ የሚል መልስ ይሰጣል። እውነተኛው ግን ከ1,000 ተማሪዎች 65 ስለሆነ 6.5 በመቶ ነው። ስለዚህ መቶኛ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ መሄድ የለበትም፤ መሄድ ያለባቸው አካፋዩና ተካፋዩ ናቸው። ማካፈሉ የሚፈጸመው በመጨረሻ፣ በሚታየው ደረጃ ላይ ብቻ ነው።

አካፋዩ ራሱ ከየት እንደ መጣም በገጹ ላይ መገለጽ ይገባዋል። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። ጥቅል የትምህርት ተሳትፎ ምጣኔ የሚሰላበት የትምህርት ዕድሜ ሕዝብ ቁጥር ከመጨረሻው ቆጠራ ተነሥቶ የተተነበየ እንጂ በየዓመቱ የተቆጠረ አይደለም። ቆጠራው በተካሄደበት ጊዜና በዛሬው መካከል ያለው ዘመን በረዘመ መጠን የትንበያው ስሕተት ይሰፋል፤ ብዙ ሕዝብ በተፈናቀለበት ወረዳ ደግሞ ይበልጡን ይሰፋል።

5. ዜሮና ባዶ

ከሁሉም በላይ ከባድ የሆነው ጉዳይ ያልመጣ መረጃ ነው። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ወደ ራያ ቆቦ ደረሰ፤ አካባቢውም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ቀጣና ውስጥ ቆየ። ብዙ ሕዝብ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ተሰደደ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው በቆቦ አካባቢ እንደገና አገረሸ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት እስከ ተፈረመበት ጊዜ ድረስም አልበረደም። ስለሆነም በተከታታይ ሁለት መስከረሞች በዚያ አካባቢ የተረጋጋ ምዝገባ ማካሄድ አዳጋች ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ የወረዳው ቅጽ ባዶ ይሆናል። ባዶውን ቦታ ሶፍትዌሩ ምን ብሎ ያነበዋል? ብዙ ሠሌዳዎች ባዶን እንደ ዜሮ ይደምራሉ። 10 ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው 400 ተማሪዎች ነበሯቸው እንበል፤ ድምሩ 4,000 ነው። በቀጣዩ ዓመት 7ቱ ብቻ ሪፖርት ቢልኩ ሠሌዳው 2,800 ብሎ ያሳያል። ጉዳዩን የማያውቅ ተመልካች ተሳትፎ በ30 በመቶ አሽቆለቆለ ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ግን የ1,200 ሕፃናት ሁኔታ አለመታወቁ ነው። ይህ የአንድ ወረዳ ችግር ብቻ አይደለም። የ2013 ዓ.ም. አገር አቀፍ የትምህርት ስታቲስቲክስ የትግራይን መረጃ ያላካተተ በመሆኑ፣ የዚያን ዓመት ድምር ከቀዳሚው ጋር ያለ ማብራሪያ የሚያነጻጽር ሠሌዳ አንባቢውን ያሳስታል።

ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። የመማሪያ መጽሐፍ፣ የመምህራን ምደባና የትምህርት ቤት ድጎማ የተማሪ ቁጥርን ይከተላሉ። ባዶው እንደ ዜሮ ከተነበበ ምንም የማይላክለት ትምህርት ቤት፣ ጣሪያው የተነሣና ወንበሩ የተማገደ፣ ከሁሉ ይልቅ እርዳታ የሚሻው ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሲነደፍ ቢያንስ አራት ሁኔታዎችን መለየት አለበት። እነዚህም፦ ተቆጥሮ ተማሪ አልተገኘም፤ ሪፖርቱ አልደረሰም፤ ትምህርት ቤቱ ለጊዜው ተዘግቷል፤ ትምህርት ቤቱ ፈርሷል ወይም ከሌላ ጋር ተዋሕዷል የሚሉት ናቸው። በገጹ ላይ ከየድምሩ ጎንም «ከ10 ትምህርት ቤቶች የ7ቱ» የሚል መግለጫ መውጣት ይኖርበታል። ያለፈውን ዓመት ቁጥር በባዶው ቦታ መተካት ካስፈለገም፣ ግምት መሆኑ በተለየ ቀለም ወይም ምልክት መታወቅ አለበት።

የስደት ተቃራኒ ገጽታም አለ። ከሮቢት ተሰድዶ ወልድያ የተመዘገበ ልጅ በቀድሞው ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ስሙ ካልተሰረዘ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ይህን ድምር ብቻ የያዘ ቋት ፈጽሞ ሊደርስበት አይችልም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት አብሮት የሚሄድ መለያ መስጠት ነው።

6. ግንኙነት፣ እርማትና ምሥጢር

መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሁልጊዜ ከማዕከል ጋር መገናኘትን የሚጠይቅ ሶፍትዌር አያገለግልም። የወረዳው ኮምፒዩተር መረጃውን በራሱ ይዞ ቆይቶ መስመር ሲገኝ የሚልክ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ቁጥርም መቼ እንደ ተቆጠረና መቼ እንደ ደረሰ ሁለት ቀን ይያዝለት። በራያ ቆላ ማሽላ በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ በክፍል የሚገኘው ተማሪ በመስከረም ከተመዘገበው ሊያንስ ስለሚችል፣ ቀን የሌለው ቁጥር ትርጉሙ ጎዶሎ ነው። ዘግይቶ የመጣ እርማት ቢኖር አሮጌው ቁጥር አይጥፋ፤ አዲሱ ከነቀኑና ከነምክንያቱ ከጎኑ ይቀመጥ። በትምህርት ቤቱ የሚቀረው የወረቀት ቅጽ ቅጂም የመጨረሻው ዋስትና ነው።

በሌላ በኩል ዝርዝር ሁሉ ለሁሉም አይታይም። በአንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት «በ5ኛ ክፍል የአካል ጉዳት ያለባት ሴት ተማሪ 1» ብሎ ማሳየት ስም ከመጥራት አይለይም። ስለሆነም እጅግ አነስተኛ ቁጥሮች በሕዝብ ገጽ ላይ መሸፈን፣ ዝርዝሩም በኃላፊነት ደረጃ መገደብ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን ጥንቃቄ ሕጋዊ ግዴታ አድርጎታል።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል የዕቅድ ባለሙያው ሠሌዳ ሲሠራለት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ይህ ቁጥር ከስንት ትምህርት ቤቶች መጣ? መቼ ተቆጠረ? ያልደረሰው እንዴት ተቆጠረ? ቁጥሩን ተከትሎ እስከ ትምህርት ቤቱ ቅጽ መውረድ ይቻላል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሠሌዳ ገና አልተጠናቀቀም።

መምህሩም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለም። ስለ ትምህርት ቤቱ የሚነገረው ቁጥር ተመልሶ ሊደርሰውና ሊያየው ይገባል። የሮቢት ርእሰ መምህር የራሱን ትምህርት ቤት በሠሌዳው ላይ ከፍቶ «ይህ የእኛ አይደለም» ማለት ሲችል፣ ስሕተቱ ከዓመታዊው መጽሐፍ በፊት ይታረማል። በቁጥሩ ውስጥ ያለችውን ተማሪ በስም የሚያውቃት እርሱ ነውና፣ የሠሌዳው የመጀመሪያ አራሚም እርሱ ሊሆን ይገባል።