ተደጋጋሚ አባላት ያሏቸውን ዝርዝሮች ስለ ማነጻጸር

በፕሮግራም ሥራ ሁለት ዝርዝሮች እኩል ናቸው ወይስ አይደሉም ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ አንድ አባል ደጋግሞ የተጻፈ እንደ ሆነ «እኩል» የሚለው ቃል ራሱ ሦስት ትርጉም ይኖረዋል። ይኸውም አንደኛ፣ አባላቱ በተራቸውም በብዛታቸውም አንድ ሲሆኑ፤ ሁለተኛ፣ ተራው ቢለያይም የእያንዳንዱ አባል ብዛት በሁለቱም ዘንድ አንድ ሲሆን፤ ሦስተኛ፣ ብዛቱ ሳይታይ የአባላቱ ዓይነት ብቻ አንድ ሲሆን ነው። ስሕተት የሚመጣው ሁለተኛውን ፈልገን ለሦስተኛው የሚሆን ትእዛዝ ስንጽፍ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ለፈተና የተመዘገቡት «አበበ ከበደ፣ አበበ ከበደ፣ አልማዝ ታደሰ» ናቸው እንበል፤ የሁለት ሰዎች ስም ከነአባታቸው መግጠሙ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በተሰበሰቡት ወረቀቶች ላይ ደግሞ «አልማዝ ታደሰ፣ አበበ ከበደ፣ አልማዝ ታደሰ» ተጽፎ ተገኘ። ሁለቱን በፓይተን ቋንቋ ወደ ስብስብ ለውጠን ብናነጻጽር፣ ስብስብ ድግግሞሽን ስለማይዝ መልሱ «እኩል ናቸው» ይሆናል። ርዝመታቸውን ብንመረምርም ሁለቱም 3 ናቸው። እንግዲህ የአንዱ አበበ ወረቀት ጠፍቶ ሳለ ኮምፒዩተሩ ምንም አልጎደለም ይለናል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁለቱንም ዝርዝሮች በፊደል ተራ ደርድሮ ጎን ለጎን ማስተያየት ነው፤ ይህ ትክክል ቢሆንም 1,000,000 ስሞችን ለመደርደር እስከ 20,000,000 ያህል ማወዳደር ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው መቍጠር ነው። ከመጀመሪያው ዝርዝር ለተገኘ ስም ሁሉ 1 እንደምራለን፤ ከሁለተኛው ለተገኘው 1 እንቀንሳለን። በመጨረሻ ሁሉም 0 ከሆነ ዝርዝሮቹ እኩል ናቸው። በምሳሌአችን ግን አበበ ከበደ 1 ጎድሎ፣ አልማዝ ታደሰ 1 ተርፎ ይገኛል። ስለዚህ መቍጠር ልዩነት መኖሩን ብቻ ሳይሆን ልዩነቱ የት እንደ ሆነም ያሳያል፤ እያንዳንዱንም ስም የሚያነበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በፓይተን ለዚህ የተዘጋጀው መሣሪያ ካውንተር ይባላል። ሆኖም አንዱን ካውንተር ከሌላው በቅነሳ ምልክት ስንቀንስ ከ0 በታች የሆነው ውጤት ይጣላልና፣ የጎደለውንም የተረፈውንም ለማወቅ በሁለቱም አቅጣጫ መቀነስ ያስፈልጋል።

በአማርኛ ስሞች ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ ሞክሼ ፊደላት ከመቍጠሩ በፊት ወደ አንድ መመለስ አለባቸው።

በጠቅላላው፣ ትእዛዙን ከመጻፋችን በፊት «ብዛቱ ዋጋ አለውን?» ብለን እንጠይቅ። ዝርዝሩ የሰዎች ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ «አዎን» ነው፤ ተደጋጋሚ የመሰለን ስም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።