መፈልፈያው ለምን ወደ ኋላ ዞረ?

በጥቅምትና በኅዳር ከቦንጋ ወደ ጊምቦ፣ ወደ ዴቻ ወይም ወደ ጨና የሚሄድ ሰው በየመንገዱ የሚያየው በጆንያ የሚጓዝ ቀይ እሸት ቡና ነው። እሸት ቡና እንደ እህል ቆይ ቢሉት አይቆይም። በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ መሞቅና መፍላት ይጀምራል፤ ታጥቦ በደኅና ዋጋ ሊሸጥ የነበረው ቡና ጀንፈል ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ በእንዲህ ያለው ሰሞን የመፈልፈያው ሞተር ተቃጥሎ ወደ ጅማ ቢላክ፣ የመዳብ ሽቦው እንደ ገና ተጠቅልሎ ቢመለስና ተገጥሞ ሲነሣ ወደ ኋላ ቢዞር ምን ይባላል? «ጠጋኙ አበላሸው» ይባላል። ሞተሩም ተፈትቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ገበሬው ግን ጆንያውን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ሳያጉረመርም፣ በሙሉ ፍጥነቱ ወደ ኋላ የሚዞር ሞተር ጤነኛ ሞተር ነው፤ የተሳሳተው ተራው ብቻ ነው። እኔ የቋንቋ ተማሪ እንጂ የምሕንድስና ተማሪ አይደለሁም፤ ነገሩ ግን ያለ ሒሳብ ሊገባን የሚችል ነው።

የትልልቅ መፈልፈያዎች ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ይኸውም ኃይል የሚያመጡለት ሽቦዎች ሦስት ናቸው ማለት ነው። የሚሸከሙት ኃይል አንድ ዓይነት ሲሆን የሚለያዩት በሰዓታቸው ነው፤ አንዱ ከፍ ይላል፣ ሁለተኛው ይከተለዋል፣ ከዚያም ሦስተኛው። በአገራችን መሥመር ይህ ዙር በሴኮንድ 50 ጊዜ ይደገማል። ስለ ቡና እያወራን ስለ ሆነ ሦስቱን ሽቦዎች አቦል፣ ቶናና በረካ እንበላቸው። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ለየአንዳንዳቸው የመዳብ ጥቅል በክብ ተደርድሯል። ኃይሉ በተራ ሲመጣ የማግኔቱ ጉልበት ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ፣ ከበረካም ተመልሶ ወደ አቦል ይዞራል፤ መካከል ያለው ብረትም እርሱን እየተከተለ ይሽከረከራል። ይህን የሚዞር ማግኔት ኢጣሊያዊው ጋሊሌዎ ፌራሪስና ኒኮላ ቴስላ በየግላቸው አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1888 ለዓለም አስታወቁ።

አሁን ቶናና በረካን እናለዋውጥ። ተራው አቦል፣ በረካ፣ ቶና ይሆናል፤ ጉልበቱም ወደ ኋላ ይዞራል። እርግጥ በቤታችን በረካን ከቶና በፊት የምትቀዳ ሴት የለችም፤ ሽቦ ግን ወግ አያውቅም። ሦስቱንም አንድ አንድ ቦታ ብናሸጋሽጋቸውስ? ቶና፣ በረካ፣ አቦል ይሆናል፤ ነገር ግን ክብ ስለ ሆነ ተራው ያው የቀድሞው ነው፤ ምንም አልተለወጠም። ስለዚህ መድኃኒቱ ሁለቱን ብቻ መለዋወጥ ነው፤ የትኞቹም ሁለት ቢሆኑ ግድ የለም። የመሬት ሽቦ ግን ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው፤ አይነካም።

ሽቦ ከመነካቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ወደ ኋላ የዞረው ይህ ሞተር ብቻ ነው ወይስ በጣቢያው ያሉት ሁሉ? ብቻውን ከሆነ ስሕተቱ የገባው በጥገናው ጊዜ ነው፤ በራሱ መሥመር ላይ ይታረማል። ከማስነሻው ወደ ሞተሩ ስድስት ሽቦ የሚሄድ ከሆነም የሚለዋወጡት ወደ ማስነሻው ከሚገቡት ከሦስቱ ሁለቱ ናቸው። ሁሉም ከዞሩ ግን ትራንስፎርመር ተለውጦ ወይም ከመሥመር ወደ ጄኔሬተር ተዛውረው ይሆናል፤ ያን ጊዜ እርማቱ በዋናው መግቢያ ወይም በጄኔሬተሩ መውጫ ላይ ነው። ሥራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ዋናው ማብሪያ ጠፍቶና ተቆልፎ ይሠራል። ሲፈተንም ቺንጋው ወልቆ ሞተሩ ለቅጽበት ብቻ ይነሣል፤ የሚዞርበት አቅጣጫም በመፈልፈያው አካል ላይ ከተሳለው ቀስት ጋር ይተያያል። የሚያጉረመርምና የሚሞቅ ከሆነ አንዱ ፌዝ ቀርቶበት ይሆናልና ወዲያው ይጥፋ።

መፈልፈያው ወደ ኋላ ሲዞር ፍሬውን አልቀበልም ስለሚል ወዲያው ይታወቃል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ የውሃው ፓምፕ ነው። ውሃን በሽክርክሪት የሚወረውር ፓምፕ ወደ ኋላ ቢዞርም ውሃ መስጠቱን አይተውም፤ የሚሰጠው ግን ጥቂትና ጉልበት የሌለው ነው። ሰውም «ወንዙ ጎደለ»፣ «ቧንቧው ተደፈነ» እያለ ይከርማል፤ ቡናው በቂ ውሃ ሳያገኝ ይታጠባል፤ የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ግን ያለ ርኅራኄ ይቆጥራል። ስለዚህ መፈልፈያው በተስተካከለበት ቀን ፓምፑንም ማየት ይገባል።

በትንንሽ ወፍጮዎች ላይ በሚገኘው ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ይህ ምክር አይሠራም። ሁለቱን የመሥመር ሽቦዎች መቶ ጊዜ ቢያለዋውጡአቸው አዟዟሩ ያው ነው። በእርሱ ላይ የሚገለበጠው የማስነሻው ጥቅል ጫፍና ጫፍ ነው፤ አንዳንዱም ሞተር እነዚያን ጫፎች ወደ ውጭ ስለማያወጣ መፈታቱ ግድ ይሆናል።