አንዲት አደይ፣ ብዙ አበቦች

በመስከረም ወር ጋራውንና ሜዳውን ቢጫ የምታለብሰውን አደይ አበባ የማያውቅ የለም። ይሁንና አንዲቱን አደይ በቅርብ ርቀት ፎቶግራፍ አንሥተን ብንመረምር፣ አንድ አበባ የምንላት የብዙ አበቦች ስብስብ መሆኗን እንረዳለን።

ዙሪያዋን የከበቡት ቢጫ “ቅጠሎች” እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ መሐል ላይ የታጨቁት ጥቃቅን ቱቦዎችም እንዲሁ። የዳሮቹ ተግባር በተለይ ነፍሳትን መሳብ ሲሆን፣ የመሐሎቹ ወንዴና እንስት አካል ይዘው ዘር ያፈራሉ። ኑግና ሱፍም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ማክሮ ፎቶግራፍ የሚባለው በካሜራው ውስጥ የሚያርፈው ምስል ከሚነሣው አካል ጋር ሲስተካከል ወይም ሲበልጠው ነው። ሌንሱ በቀረበ መጠን ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል እየሳሳ ሄዶ ከ1 ሚሊሜትር ሊያንስ ይችላል። የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ይህን ጥልቀት ይጨምራል፤ ነገር ግን ብርሃን ይቀንሳል፤ ከልክ በላይ ከጠበበም ምስሉ ይደበዝዛል። ስለሆነም ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ካሜራውን በማቆሚያ ላይ አሳርፎ ማንሣት ይመረጣል። ውድ ካሜራ የሌለን ደግሞ በሞባይል ስልካችን ካሜራ ፊት አጉሊ ሌንስ ብናስጠጋ መጀመሪያ ይሆነናል።

ጀርመናዊው ካርል ብሎስፌልት ተክሎችን እስከ 30 እጥፍ አጉልቶ ባነሣቸው ፎቶግራፎች በበርሊን የሥነ ጥበብ ተማሪዎችን ያስተምር ነበር፤ ምስሎቹም እ.ኤ.አ. በ1928 በመጽሐፍ ታትመዋል። ለእርሱ ተክል የንድፍ መምህር ነበር።

እኛም በየዓመቱ እየቀጠፍን የምናልፋትን አደይ፣ በመጪው መስከረም ሳንቀጥፍ ቀርበን እንያት። ውበቷን የሠራው አንድነቷ ሳይሆን የብዙዎቹ የሥራ ክፍፍል መሆኑን ስናውቅ፣ አድናቆታችን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።